መርከብ ከቂሊንጦ ይታያል?

ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ማረሚያ ቤቱ ነው። ለእኛ ለሰፈሩ ሰዎች ግን ቂሊንጦ ሌላም ብዙ ነገር ነው፦ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ። ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪኖችም ከነተሳቢያቸው ሲመላለሱ ይታያሉ። ባህር ግን የለም። ከዚህ እስከ ጅቡቲ ወደብ በአየር መስመር እንኳ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ይሁንና ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ስልካችሁን አውጡና ‹ማሪን ትራፊክ› የሚባለውን አፕ ክፈቱ። ካርታውን ወደ ቀይ ባህር ጎትቱት። ባለቀለም ቀስቶች ይርመሰመሳሉ። አንዷን ስትነኩ ስሟ፣ ፍጥነቷ፣ ወዴት እንደምትሄድ ይወጣል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ‹ጋምቤላ› ወይም ‹ፊንፊኔ› የሚል ስም ታገኛላችሁ። አዎ፣ የእኛው መርከቦች ናቸው።

ይህን ለስልካችሁ የነገረው ማነው? መልሱ ከሳተላይትም ከኢንተርኔትም በፊት የሚጀምረው መርከቧ ላይ ካለች አንዲት ሳጥንና ከሁለት ቀጭን ሽቦ ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚያ ሽቦ ነው። ‹ባህር ለሌለው ሰው ምን ይሠራለታል?› የሚል አይጠፋም። ገንዘብ አለበት፣ ሥራ አለበት፣ መጨረሻ ላይ እንደምታዩት ደግሞ የሰው ሕይወትም አለበት።

የመርከብ ረዳት

ሥርዓቱ ኤአይኤስ ይባላል። በአማርኛ ‹አውቶማቲክ መለያ ሥርዓት› ብንለው ያስኬዳል። አሠራሩን ለማስረዳት ከታክሲ ረዳት የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ‹ቃሊቲ! ቃሊቲ!› ይላል። ማንም ሳይጠይቀው ይጮኻል፤ የሰማ ሁሉ ታክሲው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ኤአይኤስም እንዲሁ ነው። መርከቧ ላይ ያለው መሣሪያ ማንም ሳይጠይቀው በሬዲዮ ‹እኔ እከሌ ነኝ፣ እዚህ ነኝ፣ በዚህ አቅጣጫ በዚህ ፍጥነት እየሄድኩ ነው› ይላል።

በ161.975 እና በ162.025 ሜጋኸርዝ ነው የሚናገረው። ትልቅ መርከብ በጉዞ ላይ ሳለች እንደ ፍጥነቷ ከ2 እስከ 10 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ቦታዋን ትናገራለች፤ መልህቅ ጥላ ስትቆም በየ3 ደቂቃው። ስሟን፣ መጠኗንና መድረሻዋን ደግሞ በየ6 ደቂቃው ትልካለች። ሁሉም በአንዴ ቢጮኹ ማን ማንን ይሰማል? ለዚህ መላ ተበጅቶለታል። በእያንዳንዱ የሬዲዮ መስመር አንድ ደቂቃ በ2,250 ቁርጥራጭ ጊዜ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የሌሎቹን እየሰማ ለራሱ ባዶ ቁራጭ ይይዛል። ተራ አስከባሪ የሌለው፣ ግን ማንም የማይጋፋበት ሰልፍ ማለት ነው።

በዓለም አቀፉ የባህር ደኅንነት ስምምነት መሠረት ዓለም አቀፍ ጉዞ የሚያደርጉ፣ 300 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች ይህን መሣሪያ የመያዝ ግዴታ አለባቸው። የመጨረሻው ቀነ ገደብ እ.ኤ.አ. የ2004 መጨረሻ ነበር። ትንንሽ ጀልባዎች ግን በአብዛኛው ግዴታ የለባቸውም። ይህችን አረፍተ ነገር ያዟት፣ እንመለስባታለን።

ዲሽ፣ ሪሲቨር፣ ቲቪ

አሁን አንድ ጀልባ ላይ ነን እንበል። ጀልባዋ ከመሪው ፊት ለፊት የካርታ ስክሪን አላት፤ ቻርትፕሎተር ይሉታል። የጂፒኤስ ቦታዋን ካርታ ላይ ያሳያል። የሌሎቹን መርከቦች ጩኸት ግን በራሱ አይሰማም። ጆሮ ያስፈልገዋል።

ቤታችሁ ያለውን ዲሽ አስቡ። ዲሹ ሲግናል ይይዛል፣ ሪሲቨሩ ይፈታዋል፣ ገመዱ ወደ ቲቪ ይወስደዋል። ጀልባ ላይም ያው ነው። አንቴናው የመርከቦቹን ድምፅ ይይዛል፣ የኤአይኤስ ሪሲቨሩ ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል፣ ሽቦው ወደ ቻርትፕሎተሩ ያደርሰዋል። ሪሲቨር መስማት ብቻ ነው የሚችለው። እየሰማ የሚናገረው ትራንስፖንደር ይባላል። ሪሲቨር ብቻ የገዛ ሰው ሌሎቹን ያያል፣ እሱን ግን ማንም አያየውም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከአንቴናው እንጀምር። ለዚህ ሞገድ ሩብ ርዝመት ያለው አንቴና 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቁምነገሩ ግን ርዝመቱ ሳይሆን የተሰቀለበት ከፍታ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ በሒሳብ አሳያችኋለሁ። ብዙ ሰው ወጪ ለመቀነስ ከጀልባዋ የመነጋገሪያ ሬዲዮ ጋር አንድ አንቴና መጋራት ይፈልጋል። ይቻላል፣ ግን ለኤአይኤስ ተብሎ በተሠራ ማከፋፈያ ብቻ። የቲቪ ገመድ እንደምንከፍለው በተራ ማከፋፈያ ከሞከራችሁ፣ የመነጋገሪያ ሬዲዮው በ25 ዋት ሲናገር ያ ሁሉ ጉልበት ቀጥታ ሪሲቨሩ ውስጥ ይገባል። ሪሲቨሩ በሹክሹክታ ለመስማት የተሠራ ጆሮ ነው፤ አጠገቡ ሜጋፎን እንደመክፈት ነው፣ ይቃጠላል።

ቀጥሎ ቋንቋው ነው። የጀልባ መሣሪያዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ኤንኤምኢኤ 0183 ይባላል፤ ባለሙያዎቹ ‹ኒማ› ይሉታል። ደስ የሚለው ነገር መልእክቶቹ ተራ ጽሑፍ ናቸው፤ ስማቸውም ‹አረፍተ ነገር› ነው። የኤአይኤስ አረፍተ ነገር በቃለ አጋኖ ይጀምርና ከሌላ መርከብ የመጣ መሆኑን የሚናገር ‹ኤአይቪዲኤም› የሚል መለያ ያስከትላል። የራሳችሁ ትራንስፖንደር ስለራሳችሁ የሚለው ደግሞ ‹ኤአይቪዲኦ› ነው።

ሽቦው ሁለት ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ተናጋሪው አንድ፣ አድማጩ ብዙ ሊሆን ይችላል። የሪሲቨሩ የመውጫ ፕላስ ወደ ቻርትፕሎተሩ የመግቢያ ፕላስ፣ ማይነሱ ወደ ማይነሱ። አፍ ከጆሮ ጋር እንጂ አፍ ከአፍ ጋር አይገናኝም። ችግሩ አምራቾች ስም አይስማሙም፤ አንዱ ‹ኤ› እና ‹ቢ› ይላል፣ ሌላው ፕላስና ማይነስ፣ ሌላው ለሽቦዎቹ ቀለም ብቻ ሰጥቶ ዝም። የሁለቱንም ማኑዋል ሳያነቡ በቀለም ብቻ መገመት ብዙ ሰዓት ይበላል።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚሰናከልባት ነገር ትመጣለች፦ ፍጥነት። የድሮዎቹ መሣሪያዎች፣ ጂፒኤሱም ጥልቀት መለኪያውም፣ በ4,800 ባውድ ነው የሚያወሩት። ኤአይኤስ ግን ብዙ መርከብ ባለበት ወደብ ብዙ መልእክት ስላለው በ38,400 ያወራል፤ ስምንት እጥፍ። አንዱ በራፕ ፍጥነት እያወራ ሌላው በግጥም ንባብ ፍጥነት ቢያዳምጥ ምን ይሰማል? ወይ ምንም፣ ወይ ቆሻሻ። ስለዚህ ቻርትፕሎተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ያንን መግቢያ ወደ 38,400 መቀየር ግድ ነው።

አሮጌ ቻርትፕሎተር ደግሞ አንድ መግቢያ ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ እሱም በጂፒኤስ ተይዟል። ሁለት ተናጋሪ አንድ ጆሮ ላይ አይሰካም። እዚህ ላይ መልቲፕሌክሰር የምትባል ሳጥን ትገባለች። ከሁለቱም ትሰማለች፣ የዘገየውን ከፈጣኑ ጋር አደባልቃ በአንድ ሽቦ በ38,400 ታስተላልፋለች። ጂፒኤሱን ነቅሎ ኤአይኤስ መሰካት መፍትሔ አይደለም። ቻርትፕሎተሩ የራሱን ቦታ ካላወቀ ‹ያቺ መርከብ ከእኔ ጋር በስንት ርቀት፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ትተላለፋለች?› የሚለውን ሊያሰላ አይችልም። የመሣሪያው ዋና ጥቅም ደግሞ ይሄ ስሌት ነው፤ ሳይጋጩ መተላለፍ።

የቃሊቲ ጋራዥ የሚያውቀው ነገር

አዳዲሶቹ ጀልባዎች ላይ ኤንኤምኢኤ 2000 የሚባል ሌላ ሥርዓት አለ። ስሙ የሚያስፈራ ከሆነ አይዟችሁ፤ ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሆኖ የሚሠራ ልጅ ግማሹን ያውቀዋል። ምክንያቱም መሠረቱ መኪና ውስጥ ያለው ካን ባስ ነው። ስካነር ሰክተው መኪናችሁን ‹የሚያነቡት› በዚያው ዓይነት መስመር ነው።

እዚህ ላይ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ አይሰካኩም። አንድ ዋና መስመር ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በ‹ቲ› ቅርጽ መገጣጠሚያ ከዋናው መስመር ላይ ይወርዳል። ልክ ከዋናው የውኃ ቧንቧ ለየቤቱ እንደሚቀጠለው። ሁሉም በ250 ኪሎቢት በሴኮንድ ያወራሉ፤ የባውድ ጭቅጭቅ የለም። የዋናው መስመር ሁለቱ ጫፎች ላይ ግን ባለ 120 ኦም ሬዚስተር መዘጋት አለበት። ኃይል አጥፍታችሁ በቴስተር ስትለኩ 60 ኦም ካሳየ ሁለቱም አሉ ማለት ነው። 120 ካሳየ አንዱ ጠፍቷል። የመኪና ኤሌክትሪሺያኑም የመኪናውን መስመር ሲፈትሽ የሚፈልገው ያንኑ 60 ነው።

ሦስተኛው መንገድ ለእናንተ የሚቀርበው ነው፦ ዋይፋይ። አንዳንድ ሪሲቨሮች አረፍተ ነገሮቹን በዋይፋይ ይረጫሉ። ታብሌቱ ወይም ላፕቶፑ ላይ ያለው የካርታ ፕሮግራም ይቀበላል። በአብዛኛው 10110 የሚባለውን ፖርት ነው የሚጠቀሙት። ኦፕንሲፒኤን የሚባለው ፕሮግራም ለኮምፒውተር በነፃ ይወርዳል፤ በዓለም ላይ ብዙ ጀልበኞች የሚጠቀሙበት ነው።

አገናኝተን ስክሪኑ ባዶ ከሆነስ? ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

– መጀመሪያ ቻርትፕሎተሩ ላይ የኤአይኤስ ምልክቶች እንዲታዩ የሚያደርገው አማራጭ መብራቱን እዩ። ሽቦ ሲፈትሹ ውለው ጥፋቱ እዚያ ሊሆን ይችላል።
– የመግቢያው ፍጥነት 38,400 መሆኑን አረጋግጡ።
– ፕላስና ማይነሱን ቀያይራችሁ ሞክሩ።
– ሪሲቨሩን በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ጽሑፉ መምጣቱን እዩ። ከመጣ አንቴናውም ሪሲቨሩም ደህና ነው፤ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ካልመጣ ወደ አንቴናው ውጡ።
– መርከቧ ታይታ ስም ከሌላት ጠብቁ። ቦታና ስም የሚመጡት በተለያየ መልእክት ነው፤ ስሙ እስከ 6 ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል።

ቂሊንጦ ላይ ሪሲቨር ብንሰቅልስ?

አሁን ሒሳቧን እንሥራ። ይህ የሬዲዮ ሞገድ በአብዛኛው ቀጥታ ነው የሚሄደው፤ የምድር ጉብጠት ይጋርደዋል። በኪሎ ሜትር ርቀቱን ለመገመት የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ፣ የየራሳቸውን ስኩዌር ሩት ደምራችሁ በ4.1 ማባዛት ነው። የጀልባዋ አንቴና 9 ሜትር፣ የመርከቧ 36 ሜትር ላይ ቢሆን፦ 3 ሲደመር 6 ዘጠኝ፤ በ4.1 ሲባዛ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንቴና ከፍ ማለቱ ለምን እንደሚጠቅም አሁን ታየ።

ቂሊንጦ ደግሞ ከባህር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። 2,100 ብለን ብናሰላ ስኩዌር ሩቱ 46 ገደማ ነው። የመርከቧን 6 ጨምረን በ4.1 ብናባዛ 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህም በመሀል አንድም ተራራ ከሌለ ነው። ጅቡቲ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። ስለዚህ ጣራችሁ ላይ ሪሲቨር ብትሰቅሉ የመርከብ ድምፅ አንድም አትሰሙም።

ታዲያ አፑ ከየት አመጣው? በሌላ ሰው ጆሮ። ማሪን ትራፊክ እ.ኤ.አ. በ2007 ግሪክ ውስጥ ከኤጂያን ዩኒቨርሲቲ የተነሳ ሥራ ነው። በዓለም ዙሪያ በባህር ዳርቻ የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ጣራቸው ላይ አንቴና ሰቅለው የሰሙትን በኢንተርኔት ይልካሉ። ከባህር ዳርቻ የራቀውን ደግሞ ሳተላይቶች ይሰማሉ፤ እሱ ግን በአብዛኛው የሚከፈልበት ነው። በነፃው አፕ ላይ መርከብ መሀል ውቅያኖስ ስትደርስ ‹የምትጠፋው› ለዚህ ነው። አልሰመጠችም። የሚሰማት ነፃ ጆሮ የለም።

ተመሳሳዩ ሥርዓት ለአውሮፕላንም አለ፤ በ1,090 ሜጋኸርዝ። በ10,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለን አውሮፕላን በዚያው ቀመር ብታሰሉት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል። የሬዲዮ መሣሪያ ከማስገባታችሁና ከመስቀላችሁ በፊት ግን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃዱን ጠይቁ። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ያለ ሬዲዮ መማርም ይቻላል። የተቀዱ የኤአይኤስ አረፍተ ነገሮች ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ ኦፕንሲፒኤን ላይ አጫውቶ መርከቦቹ ሲንቀሳቀሱ ማየት ይቻላል። ኮድ የምትጽፉ ደግሞ ራሳችሁ ፍቱት። በመልእክቱ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል 6 ቢት ይይዛል። የተለመደው የቦታ መልእክት 168 ቢት ነው፤ ማለትም 28 ፊደል። የመጀመሪያዎቹ 6 ቢቶች የመልእክቱን ዓይነት፣ ቀጣዮቹ 2 ስንት ጊዜ እንደተደገመ፣ ከዚያ ያሉት 30 ቢቶች የመርከቧን መለያ ቁጥር ይናገራሉ። ኬንትሮሱን አውጥታችሁ ለ600,000 ስታካፍሉት ዲግሪ ይሰጣችኋል። ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሆን ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

624

እዚያ 30 ቢት ውስጥ ያለው ቁጥር ባለ 9 አኃዝ ነው። የመርከብ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አገርን ያሳያሉ። የጅቡቲ 621 ነው። የኢትዮጵያ 624። ባህር የሌላት አገር በባህር ላይ የራሷ ቁጥር አላት።

የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌሎች ጋር ተዋህዶ የዛሬውን የባህር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት ፈጠረ። ባለፈው አሥር ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ቻይና ውስጥ ዘጠኝ መርከቦች አሠርቶ የከተሞቻችንን ስም ሰጣቸው፤ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ጅግጅጋ፣ ፊንፊኔ እያለ።

እነዚህ መርከቦች ላይ ያንን ሽቦ የሚጠብቀው ማነው? ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር የሚባል የሥራ መደብ አለ። የመርከቧን ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግነው እሱ ነው። ባህር ዳር የሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪካልና የሜካኒካል ምህንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ ለመርከብ ሥራ ያዘጋጃል፤ ብዙዎቹ በውጭ ኩባንያ መርከቦች ላይ ተቀጥረዋል። ቢሾፍቱም የባቦጋያ ማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ አለ። የቂሊንጦው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ባውድና ስለ ካን ባስ ሲማር ‹ይሄ የት ይጠቅመኛል?› ካለ፣ አንዱ መልስ ቀይ ባህር ላይ ነው።

‹ዕቃህ መርከብ ላይ ነው›

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ወደ ገንዘቡ ካልመጣሁ አይሆንልኝም። ከቻይና ወይም ከዱባይ በጋራ ኮንቴይነር ዕቃ የሚያስመጣ ጓደኛ ያለው ሰው ይህን አረፍተ ነገር ያውቀዋል፦ ‹ዕቃህ መርከብ ላይ ነው›። ከሁለት ወር በኋላም ያው መልስ። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ገበያው ራሱ እንደሚበላሽ አሳይቶ፣ በኋላ ኖቤል ተጋርቷል። የመረጃ አለመመጣጠን ይሉታል። በእኛ ቋንቋ፦ አንዱ ያያል፣ ሌላው ይጠብቃል።

አሁን ግን እናንተም በከፊል ማየት ትችላላችሁ። ‹መርከብ ላይ ነው› ሲሏችሁ የጭነት ሰነዱን፣ ማለትም ቢል ኦፍ ሎዲንጉን ቅጂ ጠይቁ። የመርከቧ ስም እዚያ ላይ አለ። ከተቻለ ባለ 7 አኃዙን አይኤምኦ ቁጥርም ጠይቁ። ያ ባለ 9 አኃዙ መለያ መርከቧ ባንዲራ ስትቀይር ይቀየራል፤ አይኤምኦ ቁጥሩ ግን መርከቧ እስክትፈርስ አብሯት ይኖራል።

ሦስት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ነጥቧ መርከቧ ናት እንጂ ኮንቴይነራችሁ አይደለችም። ዕቃው መንገድ ላይ ሌላ ወደብ ወርዶ በሌላ መርከብ ሊቀጥል ይችላል። ሁለተኛ፣ መድረሻው በሰው እጅ የሚጻፍ ነው። ‹ቦሌ› ብሎ ጠርቶ ገርጂ ላይ የሚያወርድ ረዳት እንዳለ ሁሉ፣ ያለፈውን መድረሻ ሳይቀይር የሚጓዝም አለ። ሦስተኛ፣ ቀይ ባህር አሁን ተራ ባህር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የሁቲዎች ጥቃት ሲበረታ አንዳንድ መርከቦች መሣሪያቸውን አጠፉ። ሌሎቹ በመድረሻው ቦታ ‹ሠራተኞቹ በሙሉ ቻይናውያን ናቸው› ብለው ጻፉ፤ እባካችሁ አትምቱን ለማለት። የጂፒኤስ ሲግናል ሲታወክ ደግሞ መርከቧ ራሷ የት እንዳለች አታውቅም፤ ያላወቀችውን በድፍረት ትናገራለች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ‹ኤምኤስሲ አንቶኒያ› የተባለች ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ጅዳ አቅራቢያ መሬት ላይ ስትወጣ የተጠረጠረው ይኸው የጂፒኤስ መታወክ ነው።

ከጅቡቲ ወዲህ ደግሞ ነጥቧ የለችም። ከወደቡ እስከ ሞጆ ወይም ቃሊቲ ያለውን መንገድ የሚያሳየው የመኪናው ባለቤት ጂፒኤስ እንጂ የእናንተ አፕ አይደለም። ሺህ ኪሎ ሜትሮች ባህሩን ታዩና አገር ቤት ስትገቡ ትታወራላችሁ። ይህ ያስቃል፣ ያስከፍላልም።

ስክሪኑ ላይ የሌለችው

አሁን ወደዚያች ‹ያዟት› ወዳልኳችሁ አረፍተ ነገር። ትንንሽ ጀልባዎች በአብዛኛው ግዴታ የለባቸውም። ኤአይኤስ የሚያሳየው የሚናገረውን ብቻ ነው። ዝም ያለው የለም ማለት ነው።

ጣናን አስቡ። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጭና የመጣችውና 188 ሰው የምትይዘው ‹ጣናነሽ 2› ዓይነት ጀልባ እንዲህ ያለ ስክሪን ቢኖራት እንኳ፣ ከደንገል የተሠራችው ታንኳ በዚያ ስክሪን ላይ አትወጣም። ገበሬው ከነእንጨቱ ፊት ለፊት እየቀዘፈ ስክሪኑ ‹መንገዱ ነፃ ነው› ይላል። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የባህር ትራፊክ ደንብ፣ ደንብ ቁጥር 5 ላይ፣ መሣሪያ ኖረም አልኖረም በዓይንና በጆሮ ቅኝት አድርጉ የሚለው።

ከዚያ ወደ ባብ ኤል መንደብ ውረዱ። በጠባቡ በኩል ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አፑ ላይ መርከብ በመርከብ ነው፤ እያንዳንዷ ስም፣ ፍጥነት፣ ቁጥር አላት። በዚያው ውኃ ላይ ከጅቡቲና ከሶማሊያ ዳርቻ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ጅቡቲ፣ በሌሊት የሚሻገሩ ጀልባዎች አሉ። የተጫኑት በአብዛኛው የእኛ ሰፈር ልጆች እኩዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ጅቡቲ ዳርቻ፣ ጎዶሪያ በሚባለው አካባቢ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ሰጥመዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ደግሞ ከ150 በላይ ሰው የጫነች ጀልባ የመን፣ አብያን ዳርቻ ተገልብጣ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ከእነዚያ ጀልባዎች አንዷም ስክሪን ላይ ትሆናለች ብላችሁ አትጠብቁ። ደላላው እንዳይታይ ነው የሚፈልገው፤ ንግዱ ያ ነው። በሕይወት አድን መሣሪያ ላይ የሚገጠሙ ትንንሽ የኤአይኤስ ማስተላለፊያዎች በዓለም ላይ አሉ፤ ውኃ ላይ ለወደቀ ሰው ቁጥራቸው በ972፣ ለነፍስ አድን ጀልባ በ970 ይጀምራል። አንዷ ስትበራ በዙሪያዋ ያሉ መርከቦች ስክሪን ላይ ‹እዚህ ሰው አለ› ብላ ትወጣለች። በደላላ ጀልባ ላይ ይህን የሚያስብ የለም። ጀልባዋ ስትገለበጥ በአቅራቢያ የሚያልፈው ትልቅ መርከብ የራሱ ስክሪን ፍጹም ጸጥ ያለ ነው።

የነገርኳችሁ ሁሉ፣ አንቴናው፣ ባውዱ፣ 60 ኦሙ፣ አንድ ነገር ለማድረግ ነው የተፈጠረው፦ ባህር ላይ ያለ ሰው ሌላ ሰው እንዲያየው። ሲሚንቶ የጫነ መርከብ ይህን መብት በሕግ አግኝቷል። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ ‹በጀልባ ጥቂት ሰዓት ነው፣ አስተማማኝ ነው› ቢላችሁ ወይም ለታናሽ ወንድማችሁ ሲናገር ብትሰሙ፣ ስለ ዋጋው ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁት፦ ጀልባዋ ስሟ ማነው? ቁጥሯስ? ውኃው ላይ ስትሆን ማን ያያታል?